ከዓሣው በኋላ የመጣ ሕግ፤ የፍሎሪዳ ተራማጅ ዓሣ ታሪክና ትምህርቱ

መግቢያ

መንግሥታት የአገራቸውን አራዊት፥ አዕዋፍና ዓሣ ከእንግዳ ፍጥረት ለመጠበቅ ልዩ ልዩ ሕግ ያወጣሉ። ሆኖም ሕግ ወጣ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ለአኳሪዩም ጌጥ ተብሎ ከሩቅ ምሥራቅ ወደ አሜሪካ የመጣ ዓሣ በፍሎሪዳ ግዛት እንደምን እንዳመለጠ፥ ሕግ በወጣበትም ጊዜ እንደምን ወደ ሌላ አውራጃ እንደ ተሻገረ ነው። አኳሪዩም ስንል ሕያው ዓሣ ለእይታ የሚቀመጥበትን የመስተዋት ገንዳ ማለታችን ነው። ዓመታቱንም ሁሉ የጻፍነው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የሕጉ መነሻ

የአሜሪካ መንግሥት ስለ ጎጂ እንግዳ ፍጥረት ያወጣው የመጀመሪያው ታላቅ ሕግ የአዮዋው እንደራሴ ጆን ሌሲ ያቀረቡትና በ1900 በፕሬዚዳንት ማኪንሊ ፊርማ የጸናው ነው። ሕጉ በአቅራቢው ስም የሌሲ ሕግ ይባላል። በስም ጠርቶ ከከለከላቸው መካከል የእንግሊዝ ድንቢጥና ስታርሊንግ የሚባለው ወፍ ይገኙበታል። ነገር ግን ድንቢጡ ወደ አሜሪካ የገባው ከ1850 ዓመታት ጀምሮ ነበር፤ ስታርሊንጉም በ1890 በኒውዮርክ ከተማ መናፈሻ ተለቋል። እንግዲህ ሕጉ በተጻፈበት ቀን ወፎቹ ጎጆ ሠርተው፥ ጫጩት ፈልፍለው ነበር። ዓሣ ደግሞ በዚሁ ሕግ ውስጥ የተጨመረው 60 ዓመት ቆይቶ በ1960 ነው። ይህን መዘግየት አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ ከዚህ በታች የምንተርከው ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነውና።

የዓሣው አመጣጥ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአኳሪዩም ዓሣ ንግድ እጅግ ሰፋ። ዓሣውን ውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ በአውሮፕላን መላክ ስለ ተቻለ፥ ከእስያና ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የተያዘ ዓሣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከገዢው ቤት ይደርስ ጀመር። ፍሎሪዳ አየሯ ሞቃት፥ ውሃዋም ለመሬት ገጽ የቀረበ በመሆኑ፥ በተለይ በታምፓ ከተማ አካባቢ በሂልስቦሮ አውራጃ፥ የጌጥ ዓሣ በአፈር ኩሬ የሚያረቡ ብዙ ሰዎች ተነሡ።

በ1960 ዓመታት መጀመሪያ ላይ ከታይላንድ ከመጡት መካከል ክላርያስ ባትራኩስ የሚባለው ዓሣ ይገኛል። በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች የሚገኘውን አምባዛ ያየ ሰው የዚህን ዓሣ መልክ ለመገመት አይቸገርም፤ ሁለቱ የአንድ ወገን ናቸውና። ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ ጢም አለው፤ ከስንጥቦቹ በላይ ባለ ልዩ ብልትም ከአየር ይተነፍሳል። ከዚህም የተነሣ ዝናም በጣለበት ሌሊት ከውሃ ወጥቶ፥ የጎን ክንፎቹን እሾህ እየተመረኮዘና ሰውነቱን እያጣመመ፥ በየብስ ላይ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ይሄዳል። አሜሪካውያን «ተራማጅ» ያሉት ስለዚህ ነው። በነጋዴዎች ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ነጩ ዓይነት ነበር።

በ1960 ዓመታት አጋማሽ ላይ ለዘር የመጡት ዓሦች በብሮዋርድ አውራጃ አመለጡ። አንዳንዱ መረጃ ከአንድ ማርቢያ ኩሬ ወጡ ሲል፥ ሌላው ከዴድ ወደ ብሮዋርድ አውራጃ ዓሣ ከሚያመላልስ ካሚዮን አመለጡ ይላል። የደቡብ ፍሎሪዳ ቦዮችና ረግረጎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለ ሆኑ መንገዱ ሰፊ ነበር።

ክልከላውና ውጤቱ

የፍሎሪዳ ግዛት ነገሩ ስላሳሰበው ዓሣውን ማስገባትና ይዞ መገኘት የሚከለክል ሕግ አወጣ። ቀጥሎ የሆነው ግን ሕግ አውጪዎቹ ካሰቡት ተቃራኒ ነው። በ1967 መጨረሻ ወይም በ1968 መጀመሪያ፥ ክልከላው ከወጣ በኋላ፥ ተራማጁ ዓሣ ከብሮዋርድ እጅግ ርቆ በሚገኘው በታምፓ አካባቢ በሜዳ ውሃ ውስጥ ተገኘ። ጉዳዩን ያጠኑ ሊቃውንት እነዚህ ዓሦች በራሳቸው አምልጠው ሳይሆን፥ በአርቢዎች እጅ ሆን ተብሎ እንደ ተለቀቁ ይገምታሉ።

አርቢዎቹን ክፉዎች ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ነገሩን በእነርሱ ቦታ ሆነን ልናየው እንወዳለን። ትናንት በገንዘቡ የገዛውንና ያረባውን ዓሣ ሕግ ዛሬ ወንጀል ባደረገበት ጊዜ፥ ባለ ኩሬው ሦስት መንገድ ብቻ ይታየዋል፤ መግደል፥ መሸሸግ፥ ወይም መልቀቅ። መግደል ድካም አለው፤ ሆድንም ያባባል። መሸሸግ ያስቀጣል። መልቀቅ ግን ዋጋ የለውም፤ ምስክርም የለበትም። እንግዲህ ሕጉ መያዝን ወንጀል ሲያደርግ መልቀቅን ከሁሉ የቀለለ መንገድ አደረገው።

በ1978 ዓሣው በደቡብ ፍሎሪዳ በ20 አውራጃዎች ውስጥ ይገኝ ነበር። ነጩ ዓይነት በአዕዋፍና በሌሎች አዳኞች ዓይን ቶሎ ስለሚገባ እየጠፋ፥ ጥቁሩ እየበዛ ሄደ። አርቢዎቹም ራሳቸው፥ ተራማጁ ዓሣ እየመጣ የኩሬያቸውን ዓሣ ስለሚበላባቸው፥ በኩሬያቸው ዙሪያ አጥር ማጠር ግድ ሆነባቸው። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር፥ በመጀመሪያ የተፈራው ሁሉ አልደረሰም። ብርድ የማይችል ዓሣ በመሆኑ ወደ ሰሜን ብዙ አልገፋም። ጉዳቱ ይበልጥ የሚታየው በበጋ ውሃው ሲጎድል፥ በየጉድጓዱ የቀሩትን የአገሬውን ዓሦች በሚበላበት ጊዜ ነው። በኋላም የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት ወገኑን በሙሉ በሌሲ ሕግ ስለ ከለከለ፥ የእኛም አምባዛ ሕያው ሆኖ ያለ ልዩ ፈቃድ ወደዚያ አገር አይገባም።

ከዚያ ወዲህ የታዩ ሁለት ምሳሌዎች

በ2002 በሜሪላንድ ግዛት በክሮፍተን ከተማ አንድ ዓሣ አጥማጅ «እባብ ራስ» የሚባለውን የእስያ ዓሣ ከአንድ ኩሬ አወጣ። ሲመረመርም አንድ ሰው ለታመመች እኅቱ ሾርባ ሊሠራ ሁለት ሕያው ዓሣ ገዝቶ፥ እርስዋ ስለ ዳነች በአኳሪዩም አኑሯቸው፥ ሲያድጉበት ከኩሬው እንደ ጣላቸው ታወቀ። እንግዳ ዓሣ መልቀቅ በግዛቱ ሕግ የተከለከለ ነበር፤ ነገር ግን የመክሰሻው ጊዜ ስላለፈ ሰውየው አልተከሰሰም። መንግሥት በኩሬው ውስጥ ሮተኖን የሚባል መርዝ ጨምሮ ዓሦቹን ፈጃቸው፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የዚህ ወገን 28 ዓይነቶች በሙሉ በሌሲ ሕግ ተከለከሉ። በ2004 ግን ዓሣው በፖቶማክ ወንዝ ተገኘ። የዘር ምርመራ እንዳስረዳው እነዚህ ከክሮፍተን የመጡ አልነበሩም፤ ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ለቋቸው ነበር።

ሁለተኛው መርዛም እሾህ ያለው «የአንበሳ ዓሣ» ነው። ይህ የአኳሪዩም ጌጥ በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ በዴንያ ቢች አጠገብ በ1985 ታየ። ከዚያም በካሪብያን ባሕርና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተሠራጭቶ የኮራል ዓሦችን ግልገል ይፈጃል። ፍሎሪዳ ከውጭ እንዳይገባ የከለከለችው በ2014 ነው፤ ይህም 29 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ተነሥተው ክልከላ ከንቱ ነው የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። እኛ በዚህ አንስማማም። አንድ ዓሣ በወንዝ ከረባ በኋላ የሚያወጣው ኀይል ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በር ላይ ከመከልከል የተሻለ መድኀኒት የለም። የምንለው ግን ክልከላ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በ1973 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፥ ጉዳት የሌለው መሆኑ ካልታወቀ በቀር ማናቸውም እንግዳ አውሬና ዓሣ እንዳይገባ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይህ ቢጸና ኖሮ ሕጉ ከዓሣው ይቀድም ነበር፤ ዳሩ ግን ከነጋዴዎችና ከሌሎች ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣበት ሳይጸና ቀረ።

ሁለተኛው ለባለ ንብረቱ መውጫ በር መስጠት ነው። ፍሎሪዳ ራስዋ ይህን ዘግይታም ቢሆን ተምራለች፤ ከ2006 ወዲህ እንግዳ እንስሳ ያለው ሰው ሳይጠየቅና ሳይቀጣ የሚያስረክብበት ቀን ታዘጋጃለች። ይህ በር በ1967 ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ የታምፓ ኩሬዎች ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር ብለን እናምናለን።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ ከ2011 ወዲህ የጣናን ዳርቻ የሸፈነውን እምቦጭ ያስብ። እርሱም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም ላይ የተሠራጨው ስለ አበባው ውበት ነው። ጣና ደግሞ በሌላ በየትም ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች ያሉበት ሐይቅ ነው። በመስተዋት ገንዳ ዓሣ ማኖር በከተሞቻችን እየተለመደ የሚሄድ ከሆነ፥ ስለ ሕጉም ስለ በሩም መነጋገር የሚገባን ዓሣው ገና በመስተዋቱ ውስጥ ሳለ ነው።