ስደት ያስተማራቸው፣ አገር ለሌላ ሥራ የፈለጋቸው ሐኪሞች

ካዛንቺስን የሠሩት ሊቆዩ ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የሮማ ተቋም እዚህ አካባቢ ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ መኖሪያ አቆመ፤ የተቋሙ አህጽሮትም የሰፈሩ ስም ሆኖ ቀረ። በኋላ ሰፈሩ የሌሎችም እንግዶች ሆነ። ባምቢስን ለአካባቢው መጠሪያ አድርጎ የተወው የግሪክ ቤተሰብ ሱፐርማርኬት ነው፤ ከዚያም የማይርቀውን ዘውዲቱ ሆስፒታልን ያቋቋመው የአድቬንቲስት ሚሲዮን ነው። ከአሮጌዎቹ የካዛንቺስ ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል።

እነዚያ ቤቶች በሚሠሩበት ጊዜ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለንደን ተቀምጠው የሁለት ልጆቻቸውን ሞት ሰሙ። ቢንያምና ዮሴፍ እንግሊዝ አገር የተማሩ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር፤ በግራዚያኒ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ቦምብ ከተጣለ በኋላ በወረደው ጭፍጨፋ ተገደሉ። አባታቸው አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ጦርነት ቤተሰብ ሲነሳቸው ይህ ሁለተኛው ነበር።

የመጀመሪያው በመቅደላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝና አጼ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ በዚያ ትርምስ ውስጥ ከወላጆቹ የተለየ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰደው። መኮንኑ ብዙ ሳይቆይ ሲሞት ሕፃኑ አምሪትሳር በሚገኝ ሚሲዮን አደገ፤ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን ቻለ። ከአንደኛው የመጀመሪያ ስሙን፣ ከሌላው የአባት ስሙን ወርሶ ቻርለስ ማርቲን ተባለ።

ከዚያው አምባ የተወሰደ ሌላ ልጅ ነበር፤ የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ። እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተሻሙበት፣ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፤ አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄም እስከ ዛሬ ይነሣል። የልዑሉ ታሪክ አሳዛኝ ስለሆነ እንወደዋለን መሰለኝ። ስም የለሹ ሕፃን ግን ማንም ሳያለቅስለት ላሆር ገብቶ ሕክምና ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። ቀጥሎ ስኮትላንድ ሄዶ የሐኪምነት ማዕረጉን አሳደገ፤ ከዚያም በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ቤተሰቡን የበተነው መንግሥት ደሞዝ ከፋዩ ሆነ።

ዶክተር ማርቲን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1892 ዓ.ም ገደማ ነው። ዘይላ ወርደው በሐረር በኩል አዲስ አበባ ሲገቡ አንዲት የአማርኛ ቃል አልነበራቸውም፤ ከንጉሡም ሆነ ከሕመምተኛ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ድንኳን ተክለው ማከም ጀመሩ፤ ወሬውም ተሰማ። አንዲት አሮጊት መጥተው በልጁ አካል ላይ ያውቁት የነበረውን ጠባሳ ፈለጉ፤ አገኙት። የልጅ ልጃቸው ነበር። ስሙ ወርቅነህ እንደሆነ፣ የአባቱም ስም እሸቴ እንደሆነ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስሙን በአስተርጓሚ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ እንጃ። ቀጥሎ ያደረጉት ግን የታወቀ ነው፤ ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። የሚጠብቁት ጡረታ ነበራቸው፣ ውል ነበረባቸው። ስደተኛ አገሩን ባገኘ ማግስት ሁሉን ጥሎ ይገባል ብሎ የሚያስብ ስደትን ያልቀመሰ ነው።

በ1900 ዓ.ም ገደማ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1919 ከእንግሊዝ አገልግሎት ጡረታ ወጥተው ለአገራቸው ብቻ መሥራት ጀመሩ። ይሄኔ ነው ታሪካቸው የሚገርመው። በአውሮፓ ሕክምና የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ በጣት በሚቆጠርበት፣ እንዲያውም ከእሳቸው ሌላ ለማግኘት በሚያስቸግርበት ዘመን፣ መንግሥት ለሐኪም ወርቅነህ የሰጣቸው ሥራ ሕክምና አልነበረም። ሚያዝያ 1917 ዓ.ም የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ነጻ ለወጡ ባሪያዎች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በፍርድ ቤት ወንበር ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1927 በጣና ላይ ስለሚሠራው ግድብ ከአንድ የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ለመደራደር ኒው ዮርክ ተላኩ፤ እዚያ ሳሉ ሃርለም ገብተው የእጅ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። ከዚያ የጨርጨር ገዥ ሆነው አስበ ተፈሪ ተቀመጡ፤ አውራጃውን ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲያደርጉ ታስቦ ነበር። በመጨረሻም በ1927 ዓ.ም ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆኑ።

ዛሬ ይህን ዝርዝር የሚያነብ «ምን ዓይነት ሁለገብ ሰው» ይላል። እኔ ግን አዝናለሁ። አንድ ሐኪም ብቻ ያላት አገር ሐኪሟን ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ፣ አገረ ገዥና ዲፕሎማት ስታደርግ፣ በሽተኛው ወደ ሚሲዮን ሐኪምና ወደ ሌጋሲዮን ሐኪም ሄደ። በእርግጥ የመንግሥትም ችግር ይገባኛል፤ እንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚመረምር፣ የፈረንጅን ወግ ከውስጥ የሚያውቅ ታማኝ ሰው ከሐኪምም ይብስ ብርቅ ነበር። ስደት ለወርቅነህ ከሰጠቻቸው ሁሉ መንግሥት አብልጦ የፈለገው ሕክምናውን ሳይሆን ፈረንጅን ማወቃቸውን ነው።

የመላኩ በያን ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። መላኩ በመጀመሪያ ወደ ህንድ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ ለትምህርት ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ናቸው። በኦሃዮ ተምረው ወደ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ፤ ጥቁሮች ሐኪም ከሚሆኑባቸው ዋና በሮች አንዱ እሱ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን የብላቴን ጌታ ኅሩይን ልጅ ትተው ዶሮቲ ሀድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ፤ አዲስ አበባ ብዙ ሳታወራ አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ1935 ተመርቀው ሲገቡ ጦርነቱ ደጅ ላይ ነበር። ወደ ኦጋዴን ግንባር ሄዱ። በዚያ ጦርነት የጣሊያን አውሮፕላን ቀይ መስቀልንም አልማረም፤ የስዊድን አምቡላንስ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም መልካ ዲዳ ላይ ተደብድቧል።

መላኩ በሐኪምነት የሠሩት አንድ ዓመት ያህል ቢሆን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ አብረው ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የንጉሡ ወኪል ሆነው ኒው ዮርክ ተላኩ። በዓመቱ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፣ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለውን ጋዜጣ አወጡ፤ ከቤተ ክርስቲያን ወደ አዳራሽ እየዞሩ ገንዘብ ለመኑ። ሐኪም ሆነው ቢቀመጡ ሃርለም ውስጥ ደህና ክሊኒክ መክፈት ይችሉ ነበር፤ ሚስታቸውም፣ ልጃቸውም እዚያው ነበሩ። አልከፈቱም። በሳንባ ምች ሚያዝያ መጨረሻ 1932 ዓ.ም ሞቱ፤ አርባ ዓመታቸው ገደማ ነበር። አጼ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ነው፤ ልክ አንድ ዓመት ጎድሏቸዋል።

ከዚያ ስደት ሙያ ይዛ ተመልሳ በሙያዋ የሠራች አንዲት ወጣት አለች፤ ሐኪም ግን አይደለችም። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ አገር ነጻ ሲወጣ ደሴ ሆስፒታል ገብታ ሠራች። ነሐሴ 1934 ዓ.ም በወሊድ ሞተች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ሐኪም ወርቅነህም ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ።

የእኛ አቆጣጠር አንዳንዴ ሩቅ የሆኑ ነገሮችን ያቀራርባል። በ1967 ዓ.ም መስከረም 2 ቀን ደርግ ንጉሡን አወረደ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 22 ቀን ሳይጎን ወደቀች። በዚያ ወቅት ከቬትናም ወደ አሜሪካ ከገቡት ከ120 ሺህ በላይ ስደተኞች መካከል ብዙ ሐኪሞች ነበሩ፤ በሠራዊት ሆስፒታል ሲቀድዱና ሲሰፉ የኖሩ፣ በፈረንሳይኛ የተማሩ፣ አንዳንዶቹ ፕሮፌሰር የነበሩ። አሜሪካ ዲፕሎማቸውን ዐይታ «እንደገና ተፈተኑ» አለቻቸው። ቀን ያገኙትን እየሠሩ፣ ማታ በእንግሊዝኛ ያውቁት የነበረውን ትምህርት ደግመው እያጠኑ፣ ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ፈተና ተቀመጡ፤ ያለፉት ካለፉ በኋላም እንደ ጀማሪ ሬዚደንት የሌሊት ተረኛ ሆኑ። ሙያቸውን መልሰው ለመያዝ ያሳለፉት መከራ የእኛዎቹን ሁለት ሐኪሞች ምርጫ ይበልጥ ያጎላዋል። ቬትናማዊው ስቴቶስኮፑን ለማስመለስ ዓመታት ታገለ፤ ወርቅነህና መላኩ ማንም ሳይነጥቃቸው በአገር ጥሪ አስቀመጡት።

በጀልባ በወጡ የቬትናም ስደተኞች ግፊት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል ለወጡ ኢትዮጵያውያንም በር ከፍቷል። ከቀይ ሽብር ያመለጡት የእኛ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ያንኑ መንገድ ሄዱ፤ ያው ፈተና፣ ያው የሌሊት ተራ። ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ለፈተናው ያጠና ሐኪም ታሪክ በዲያስፖራው ዘንድ አዲስ አይደለም።

ያልተሰደዱትስ? ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አባታቸው በዚያው በግራዚያኒ ጭፍጨፋ ጊዜ ነው የተገደሉት። ግብጽ እስክንድርያ ተማሩ፣ ኤደንብራ ሐኪም ሆኑ፣ ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሠሩ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ነበሩ። በደርግ ዘመን ሁሉ የቀዶ ሕክምና ቢላዋቸውን አልጣሉም፤ ከእነ ወርቅነህ የሚለዩበት ይህ ነው፤ በመንግሥት ለውጥ መካከል ሐኪምነት ብቻውን የሕይወት ሥራ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ግን እሳቸውንም ሌላ ሥራ አልማራቸውም። በ1983 ዓ.ም ክረምት በተደረገው የሽግግር ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው የኤርትራን መገንጠል ተቃወሙ፤ ቀጥሎ የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሩ፤ በ1985 ዓ.ም ከአርባ ከሚበልጡ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተባረሩ፤ በ1986 ታሰሩ። ጤናቸው ሲደክም ለሕክምና ወደ ውጭ ተለቀቁ፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም ፊላደልፊያ ውስጥ ሞቱ። በፖለቲካቸው የማይስማማ ሰው እንኳ ስንት ቀዶ ሐኪም እንዳስተማሩ ይናገራል።

ዛሬ ከፋኩልቲው ተመርቀው ለአሜሪካ ፈተና የሚያጠኑ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከወርቅነህና ከመላኩ ጋር አንድ ተራ ላይ አልሰድራቸውም፤ ጦርነት በግድ የወሰዳቸውም አይደሉም፣ አገር ለሌላ ሥራ የጠራቸውም አይደሉም። አብዛኞቹ የሚፈልጉት በተማሩት ሙያ ሠርተው የሚያኖር ደሞዝ ማግኘት ነው፤ ይህን ሰላማዊ ፍላጎት ክህደት ብሎ የሚጠራ ሰው የሐኪም ወርቅነህን ሙሉ የሥራ ዝርዝር ደግሞ ያንብብ።