በእንጨት ደጋን አሠራር የእንጨት እንከኖች አያያዝ

መግቢያ

ደጋን ሁለቱ ጫፎቹ በአውታር የሚታሰሩ፣ ሲሳብ ጎብጦ ሲለቀቅ ፍላጻ የሚያስፈነጥር መሣሪያ ነው። ከአንድ ወጥ እንጨት የሚሠራው ደጋን እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የአደን መሣሪያዎች አንዱ ሲሆን፣ በዴንማርክ በሆልመጋርድ ረግረጋማ ስፍራ የተገኙት ከኤልም ዛፍ የተሠሩ ደጋኖች ከመካከለኛው የድንጋይ ዘመን የቆዩ ናቸው። በአሁኑ ጊዜም የእንጨት ደጋን ለስፖርትና ለዕደ ጥበብ ሥራ ይዘጋጃል።

ለደጋን ሥራ ፈጽሞ እንከን የሌለበት ግንድ ማግኘት ብርቅ ነው። በመሆኑም ለባለሙያው ዋናው ጉዳይ እንከን የሌለውን እንጨት መፈለግ ሳይሆን፣ የትኛው እንከን እንደሚታረም፣ የትኛው ባለበት እንደሚተውና የትኛው እንጨቱን ከሥራ ውጪ እንደሚያደርግ ለይቶ ማወቅ ነው። በዚህ ረገድ የሚፈጸም ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት በእንጨቱ ብቻ አይወሰንም። ሙሉ በሙሉ ተስቦ ሳለ የሚሰበር ደጋን ስብርባሪው የቀስተኛውን ፊትና ዐይን ሊጎዳ ይችላል።

በደጋን ላይ የሚያርፈው ኃይል

ወደ ቀስተኛው የሚዞረው የደጋን ገጽ ሆድ፣ ወደ ዒላማው የሚዞረው ደግሞ ጀርባ ይባላል። ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፤ ሆዱ ይጨመቃል። ሁለቱም ኃይሎች የሚበረቱት በእንጨቱ ውጫዊ ገጾች ላይ ነው። ስለዚህ አንድ እንከን በውፍረቱ መካከል ሲገኝና በጀርባው ላይ ሲገኝ የሚያስከትለው አደጋ አንድ አይደለም።

ሌላው መሠረታዊ ነገር የውፍረት ጉዳይ ነው። የደጋን ክንድ ስፋት በእጥፍ ቢጨምር ጥንካሬው በእጥፍ ይጨምራል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምር ግን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው፣ ከውፍረቱ 10 በመቶ ሲቀነስ በዚያ ቦታ ያለው ጥንካሬ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። በእንከን ዙሪያ ያለጥንቃቄ የሚደረግ ጥቂት ፍቅፋቂ ደጋኑን የሚያሰብረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋና ዋና እንከኖችና አያያዛቸው

1. ጉጥ

ጉጥ ቅርንጫፍ ከግንዱ የወጣበት ቦታ ነው። በጉጥ ዙሪያ የእንጨቱ ቃጫ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ ጉጡን እየዞረ ያልፋል። ጀማሪ ሠራተኛ አዘውትሮ የሚፈጽመው ስሕተት ይህን እብጠት ከቀሪው ገጽ ጋር ለማስተካከል መላግ ነው። እብጠቱ ሲላግ ጉጡን የሚዞረው ቃጫ ይቆረጣል፤ ደጋኑም ሲለጠጥ ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል።

ትክክለኛው አሠራር በጉጡ ዙሪያ ተጨማሪ እንጨት መተው ነው። ጉጡ በጀርባው ላይ ከሆነ ቃጫው በተፈጥሮ የያዘውን ቅርጽ ተከትሎ ከፍ እንዳለ ይቀራል። በክንዱ ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የክንዱ ስፋት በዚያ ቦታ በመጠኑ እንዲጨምር ይደረጋል። ጉጡ የላላ ወይም የበሰበሰ ከሆነ ልል የሆነው ክፍል ተጠርጎ ይወጣል፤ ቀዳዳው በደረቅ እንጨትና በማጣበቂያ ይሞላል። ሆኖም የተሞላው ነገር የመለጠጥን ኃይል ስለማይሸከም፣ በዙሪያው በቂ ጤናማ እንጨት መኖሩ መረጋገጥ ይኖርበታል።

2. የቃጫ መቆረጥ

የደጋን ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የዕድገት ቀለበት ተከትሎ ቢሄድ ይመረጣል። ቀለበቱ ከተቆረጠ ቃጫው በገጹ ላይ ያልቃል፤ ሲሳብም እንደ ስንጥር ይነሣል። ግንዱን በመጋዝ ከመሰንጠቅ ይልቅ በሽብልቅ መፈልጥ የሚመረጠው ፍልጡ የቃጫውን አቅጣጫ ራሱ ስለሚያሳይ ነው። ቃጫው እንደ እባብ ቢጠማዘዝ ደጋኑም መጠማዘዙን ተከትሎ ይሠራል እንጂ በግድ ቀጥ እንዲል አይቆረጥም።

3. ስንጥቅ

አብዛኛው ስንጥቅ የሚፈጠረው እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ነው። የግንዱ ጫፎች ከመካከሉ ፈጥነው ስለሚደርቁ፣ እንጨቱ እንደተቆረጠ ጫፎቹን በሰም፣ በቀለም ወይም በማጣበቂያ መሸፈን ያስፈልጋል። ልጡ ከተላጠ ጀርባውም እንዲሁ ይሸፈናል። እንጨቱ ጥላና ነፋሻ በሆነ ቦታ ይቀመጣል፤ በየጊዜውም ይመዘናል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር የሚመጣጠን ድርቀት ላይ ደርሷል ማለት ነው። ለደጋን ሥራ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚሆን እርጥበት ተስማሚ ነው።

በቃጫው አቅጣጫ በክንዱ ርዝመት የሚሄድ ጠባብ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በቀጭን ማጣበቂያ ተሞልቶ ሊያገለግል ይችላል። ወደ ጠርዝ የሚወጣ ስንጥቅ አሳሳቢ ነው። ቃጫውን አቋርጦ የሚያልፍ ስንጥቅ ያለበት እንጨት ግን ለደጋን አይሆንም።

4. ጥምዘዛና ወደ ጎን መታጠፍ

መጠነኛ ጥምዘዛ፣ አውታሩ በመያዣው መካከል እስካለፈ ድረስ፣ ባለበት ሊተው ይችላል። አውታሩ ወደ ጎን ከወጣ እንጨቱ በእንፋሎት ወይም በደረቅ ሙቀት ይለሰልስና በማሰሪያ ይቃናል። በእንፋሎት የተቃና ክንድ እርጥበት ስለሚያስገባ እንደገና ሳይደርቅ ሊሳብ አይገባም።

5. ብስባሴና ነቀዝ

የሻገተ፣ ቀለሙ ተለውጦ የቀለለ፣ ሲሰበር ስንጥር ሳያወጣ ቁርጥ የሚል እንጨት ጥንካሬውን አጥቷል። ይህ እንከን አይታረምም፤ እንጨቱ ይወገዳል። የነቀዝ ቀዳዳ በልጡ ሥር ብቻ ከሆነ ግን ቀዳዳው ከሚደርስበት ቀለበት በታች ወዳለው ጤናማ ቀለበት በመውረድ መሥራት ይቻላል።

ታሪካዊ አብነት

የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1545 እ.ኤ.አ. ሰጥማ በ1982 እ.ኤ.አ. ከባሕር ወጥታለች። ከስብርባሪዋ ከ130 በላይ ደጋኖች ተገኝተዋል። የተሠሩት ዩ ከተባለው የአውሮፓ ዛፍ ሲሆን፣ መለጠጥን የሚችለው ነጩ የውጭ እንጨት በጀርባ፣ መጨመቅን የሚችለው ቀዩ የውስጥ እንጨት በሆድ በኩል ውሏል። ጉጥ ባለበት ቦታ ተጨማሪ እንጨት መተዉም ይታያል።

ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት የሚሆን እጥረት ነበር። ዩ ቀስ ብሎ የሚያድግና ጉጥ የሚበዛበት ዛፍ ነው። በ1472 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ወደ አገሪቱ የሚገቡ የንግድ መርከቦች ለጫኑት ለእያንዳንዱ ቶን አራት የደጋን እንጨት እንዲያመጡ ያስገድድ ነበር። እንጨቱ ከሩቅ የሚመጣ በመሆኑ በአንድ ጉጥ ምክንያት የሚጣል አልነበረም።

የፍተሻና የደኅንነት ጥንቃቄ

• ክንዶቹ በጥቂት በጥቂቱ እየተፋቁና እየተሳቡ ጉብጠታቸው ይመጣጠናል፤ ደጋኑ ገና ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አይሳብም።
• በሆድ በኩል ቃጫውን የሚያቋርጡ ቀጫጭን መስመሮች ከታዩ ቦታው ከመጠን በላይ ተጨምቋል። የሚፋቀው ያ ቦታ ሳይሆን በአጠገቡ ያለው የማይጎብጥ ክፍል ነው።
• በፍተሻ ጊዜ የዐይን መከላከያ ይደረጋል፤ ደጋኑ በገመድና በመዘውር ከርቀት ቢሳብ ይመረጣል።
• የዩ ዛፍ መርዛማ በመሆኑ ሲፋቅና ሲሞረድ ከብናኙ ለመጠበቅ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል።
• ፍላጻ ያልተደገነበትን ደጋን ስቦ መልቀቅ ጤናማውንም እንጨት ሊሰብር ስለሚችል አይፈቀድም።

ማጠቃለያ

የእንጨት እንከን የሚመዘነው በመልኩ ሳይሆን በሚገኝበት ቦታና ከቃጫው አቅጣጫ ጋር ባለው ግንኙነት ነው። ቃጫው ሳይቆረጥ የሚያልፍበት እንከን ተጨማሪ እንጨት ተትቶለት ያገለግላል፤ ቃጫው የተቆረጠበት ወይም የበሰበሰበት እንጨት ግን ምንም ያህል ቢለሰልስና ቢያምር ለሌላ ሥራ መዋል ይኖርበታል።