ከዐይን የራቀ ፈውስ

አዲስ አበባ የምትፈራቸውን ሕሙማን ከቤተ መንግሥትና ከአደባባይ አርቃ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት አቅጣጫ ማስፈርን የለመደችው ገና በወጣትነቷ ነው። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ዛሬ በኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ በተካተተው፣ ያን ጊዜ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ በነበረው ስፍራ፣ ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ የሚሆን ሆስፒታል አቋቁመው ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ይህ ቤት ስሙን ለሰፈሩ አውርሶ፣ በ1958 ዓ.ም. ለአፍሪካ ሁሉ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችን እንዲያሠለጥን ለተመሠረተው ለአለርት መነሻ ሆነ። ከደዌያቸው ከዳኑ በኋላ እንኳ ወደ ትውልድ አገራቸው መመለስ ያልሆነላቸው ብዙ ሰዎች በአጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ወልደው ከብደው፣ አንድ ሰፈር ሙሉ አቁመዋል።

ለአእምሮ ሕሙማን የተመደበውም ስፍራ ከዚህ አቅጣጫ አልወጣም። ጣሊያን ከተማይቱን በዘር ከፍሎ ለማስፈር ሲያቅድ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ባዛወረበት በዚያው የወረራ ዘመን ነው የአማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው፤ ስሙን ከጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ፣ ከኮልፌ ጋር በሚዋሰነው አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት እጅ እግሩን ታስሮ የሚመጣውም፣ ከስድስት ኪሎ በአውቶቡስ የሚመጣውም የሚገቡበት በር አንድ ነበር። ሕመማቸው ሥር ሰዶ ጠያቂ ዘመድ ያጡት ደግሞ ወደ ምዕራብ ጥቂት አልፈው፣ በአምቦ መንገድ፣ ገፈርሳ ባለው ማገገሚያ ይቀመጡ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደረግ ርቀቱ የታሰበው ለጤነኛው ሰላም እንጂ ለታማሚው ምቾት አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ከተማይቱ ካራቀቻቸው ሕሙማን ሌላ፣ በራሱ ፈቃድ የሚርቅም ታማሚ አለ፤ እርሱም ተማሪው ነው። ተማሪ የሆነ ሰው ግን የነፍሱን ጭንቀት ከሰፈሩ ርቆ መግለጥን የጀመረው በሐኪም ዘመን አይደለም። የቆሎ ተማሪ አባት እናቱን ትቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ በማያውቁት ሰዎች ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚማር መንገደኛ ነበርና፣ ልቡ በታወከ ጊዜ የሚሄደው ወይ ምስጢረ ኑዛዜን እንዳያወጣ በሕገ ቤተ ክርስቲያን ወደታሰረው የንስሐ አባት፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ወደማይገኝበት ጠበል ነው። በአዲስ አበባም እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለብዙዎች ይህን አገልግሎት ስትሰጥ ኖራለች። ቤተ ዘመዱ ግን «ትምህርት አሳበደው» ብሎ ነገሩን ይቋጨዋል፤ ይህን ፍርድ ስንት ብሩህ ልጅ ተሸክሞት እንደኖረ እግዚአብሔር ያውቃል።

ዘመናዊው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጣው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሲመሠረትም ቁጥሩ በዛ። የአእምሮ ሐኪሙ ግን አልበዛም። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል የተጀመረው በ1979 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በአገር ውስጥ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ በዚህ ሙያ ሊራቀቅ የሻተ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት።

ከዐይን መሰወር ለኮልፌ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ማንነቱን ሸሽጎ የውትድርና ትምህርት የተማረው በዚሁ ሰፈር፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነበር። የዛሬው ተማሪም የሚፈልገው መሰወሩን ነው። የግቢው ክሊኒክ ለእርሱ ቅርብና በነፃ የሚታከምበት ቢሆንም፣ በራፉ ላይ ወረፋ ይዘው የሚጠብቁት የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ናቸው፤ ስለዚህ ማስታወሻ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ፈተና ያለበት መስሎ ከግቢ ይወጣና፣ አውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ አማኑኤል ገብቶ ካርድ አውጥቶ፣ ስሙ ጮክ ተብሎ እስኪጠራ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። አጠና ተራ ወይም አየር ጤና ክፍል ተከራይቶ የሚማረውማ ሌላ ጣጣ አለበት። የቤት ባለቤቷ «የት ውለህ ነው ልጄ፣ ፊትህ እንዲህ የገረጣው?» ሲሉት፣ «ዘመድ ታሞብኝ ልጠይቅ ሄጄ ነው እትዬ» ይላል፤ እርሳቸውም «እግዜር ይማርልህ» ብለው ቡና ይቀዱለታል፤ ምርቃቱ ለራሱ መሆኑን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ይህን መሸሽ እንደ ድክመት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን ስሙን ለመጠበቅ የሚደክም ወጣትን ለመውቀስ አልደፍርም፤ «አማኑኤል ግባ» ማለት ዛሬም በጠብ መካከል የሚወረወር ስድብ በሆነበት ከተማ፣ ጥንቃቄው ከጤነኛ አእምሮ የመነጨ ነው። የሚያሳዝነው ርቀቱ ዋጋ ማስከፈሉ ነው፤ የታክሲ ገንዘብ ያለቀበት፣ ወይም ቀጠሮው ከፈተና ጋር የተጋጨበት ተማሪ መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ የግል አማካሪ ዘንድ መሄድማ ወላጁ ከክፍለ ሀገር በሚልክለት ገንዘብ የሚታሰብ አይደለም።

መንግሥት በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ባወጣው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ፣ ሕክምናው ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥቶ በየጤና ጣቢያው እንዲዳረስ አስቧል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን በሰፈር ጤና ጣቢያ ካርድ የምታወጣው ልጅ የእትዬ የእኅት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህም በኮልፌ የሚኖረው ተማሪ ጥቁር አንበሳ ወይም ዘውዲቱ ሆስፒታል ለመታከም ማልዶ ወደ ምሥራቅ ሲሳፈር፣ የስድስት ኪሎው ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ምዕራብ፣ ወደ አማኑኤል ይጓዛል፤ መርካቶ ላይ ሲተላለፉም አንዱ ሌላውን ገበያተኛ ይለዋል።