ከሳጥኑ ላይ የተፋቀው ስም

በማርች 2015 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አንድ የጃፓን ኩባንያ ድረ ገጹ ላይ ከለጠፈው የማስታወቂያ ሥዕል አንዲት መስመር አጠፋ። መስመሯ «የሂዴዮ ኮጂማ ጌም» የምትል ነበረች። ሥዕሉ እንዳለ ነው፤ ርዕሱም እንዳለ ነው፤ የጠፋው የሰው ስም ነው። በሰዓታት ውስጥ አድናቂዎች የቀድሞውንና የአዲሱን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጠው «ሰውየው ምን ሆነ?» ይባባሉ ጀመር። ኩባንያው የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ የአሠራር ለውጥ እየተደረገ ነው፣ ኮጂማም የጀመረውን ጌም ይጨርሳል።

ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ተጣልቶ መውጣቱ የትም ያለ ነገር ነው። የዚህኛው መውጣት ግን ሰውየውን በአካል አይተውት የማያውቁ ሰዎችን በየአህጉሩ አስቆጣ፣ ፊርማ አስለቀመ፣ አንድን ኩባንያ ለዓመታት የስድብ ማዕከል አደረገ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ሰውየውንም ኩባንያውንም ከመነሻቸው ማየት ያስፈልጋል።

የኩባንያው ስም ኮናሚ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደለም፤ በየሰፈሩ ጌም ቤት ተራ ጠብቆ «ዊኒንግ ኢለቨን» የተጫወተ ልጅ ኳሱ ከመጀመሩ በፊት የኮናሚን ምልክት ስንት ጊዜ እንዳየው ቆጥሮ አይዘልቀውም። ኮናሚ በ1969 ኦሳካ ውስጥ ሲጀመር የቪዲዮ ጌም ወሬም አልነበረም። ሥራው ሳንቲም ሲገባበት ዘፈን የሚያጫውት ማሽን ማከራየትና መጠገን ነበር። ይህች ነገር ኋላ ላይ ታስፈልጋለች።

ኮጂማ በ1986 ሲቀጠር የተመደበው ኤምኤስኤክስ ለሚባል የቤት ኮምፒውተር ጌም በሚሠራው ክፍል ነበር። የጦርነት ጌም እንዲሠራ ታዘዘ። ችግሩ ማሽኑ አቅም የለውም፤ ብዙ ወታደርና ብዙ ጥይት በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ማሳየት አይችልም። ኮጂማ ነገሩን ገለበጠው። ጠላት ብዙ መሆን ካልቻለ ተጫዋቹ አይዋጋ፣ ይደበቅ አለ። በ1987 የወጣው «ሜታል ጊር» በዚህ መንገድ ተወለደ፤ ከጠባቂ ዓይን ተሰውሮ ማለፍ ራሱን የቻለ የጌም ዓይነት እንዲሆን መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ነው። በ1998 ለፕሌይስቴሽን የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ደግሞ እንደ ሲኒማ የሚታይ፣ ገጸ ባሕርያቱ ስለ ኑክሌር መሣሪያ የሚከራከሩበት ሥራ ሆኖ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ስሙ እንደ ፊልም ዳይሬክተር ስም ከርዕሱ ጋር አብሮ ይጻፍ ጀመር።

ስም መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል፤ በጌም ታሪክ ውስጥ ግን የተገኘው በትግል ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ የነበረው አታሪ የተባለው ኩባንያ ጌሞቹን የሚሸጠው ሠሪውን ሳይጠቅስ ነበር። ስሙ የታወቀ ሠራተኛ ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላል፤ ተፎካካሪም መጥቶ ይወስደዋል። ዋረን ሮቢኔት የተባለ ወጣት ፕሮግራመር «አድቬንቸር» የሚለውን ጌም ብቻውን ሠርቶ ሲጨርስ ለማንም ሳይተነፍስ ውስጡ አንዲት ስውር ክፍል አበጀ። ከወለሉ ቀለም ጋር የተመሳሰለች አንዲት ነጥብ ፈልጎ ያገኘ ተጫዋች ብቻ ይገባባታል፤ የገባም «ሠሪው ዋረን ሮቢኔት» የሚል ጽሑፍ ያነባል። ሮቢኔት በ1979 ሥራውን ሲለቅ ምስጢሩን ይዞ ወጣ። ክፍሏን አግኝቶ ለአታሪ ደብዳቤ የጻፈው የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ኩባንያው ሊያጠፋው አስቦ ወጪውን ሲያሰላ ተወው፤ እንዲያውም «የፋሲካ እንቁላል» የሚል ስም አወጣለት። ዛሬ በየጌሙ ተደብቆ የሚገኝ ምስጢር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። መነሻው ግን ጨዋታ አልነበረም፤ የፊርማ ረሃብ ነው።

በዚያው ዓመት ዴቪድ ክሬንና ሦስት ባልደረቦቹ የጌሞቻቸውን የሽያጭ ዝርዝር ይዘው ወደ አታሪ አለቃ ሄዱ። ክሬን በኋላ እንደተናገረው አራቱ የሠሯቸው ጌሞች በአንድ ዓመት ውስጥ 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብተዋል፤ የእያንዳንዳቸው ዓመታዊ ደመወዝ ግን 30 ሺህ ዶላር አይሞላም ነበር። ከአለቃው ያገኙት መልስ ካርትሪጁን ፋብሪካ ውስጥ ከሚገጣጥመው ሠራተኛ አትበልጡም የሚል ነበር። አራቱም ወጥተው አክቲቪዥንን መሠረቱ፤ የጌም ሠሪውን ስምና ፎቶግራፍ መመሪያው ላይ ማተም ጀመሩ። አታሪ ከሰሳቸው፤ ነገሩ በስምምነት አለቀ።

እንግዲህ በ2015 የአንድ ሰው ስም ከሳጥን ላይ ሲፋቅ አድናቂዎች ያዩት ቀላል የማስታወቂያ ለውጥ አልነበረም። ሠሪው እንደገና ወደ ስውር ክፍሉ ሲመለስ ነው ያዩት።

የመጀመሪያው ምላሻቸው ቁጣ እንዳልነበረ ግን መታወቅ አለበት። ብዙዎቹ አላመኑም! «ይህ የኮጂማ ተንኮል ነው፣ ጠብቁ» አሉ። ምክንያትም ነበራቸው። በ2001 በወጣው ሁለተኛው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ማስታወቂያው ሁሉ የድሮውን ጀግና እያሳየ ከርሞ ተጫዋቾች ጌሙን ሲከፍቱ አብዛኛውን ክፍል ከማያውቁት ጎረምሳ ጋር ተገኙ። በ2012 መጨረሻ ደግሞ «ፋንተም ፔይን» የሚባል ጌም ከአንድ ስዊድናዊ ስቱዲዮ ይመጣል ተባለ፤ የስቱዲዮው ኃላፊ የተባለው ፊቱን በፋሻ ጠቅልሎ ቃለ መጠይቅ ሰጠ። ስሙ ዮአኪም ነበር። ፊደላቱን ያገላበጠ ሰው ኮጂማን አገኘ። ስቱዲዮው የለም፤ ጌሙ የኮናሚ ነው። በእንዲህ ዓይነት እንቆቅልሽ ያደገ አድናቂ እውነተኛ መባረርን ከቀልድ የሚለይበት መላ አልነበረውም። ስለዚህ ተስፋው ከማስረጃው በላይ ቆየ። ጌሙ ወጥቶ እንኳ «የቀረው ምዕራፍ ተደብቋል» የሚሉ አልጠፉም፤ ሳይጠናቀቅ የቀረ አንድ ተልእኮ ከልዩ እትሙ ጋር በተሸጠ ዲስክ ላይ ግማሽ ሥራ ሆኖ መታየቱ ይህን ስሜት ይበልጥ አቀጣጠለው።

ቁጣው የመጣው በኤፕሪል ነው። ኮጂማ ከፊልም ዳይሬክተሩ ጊዬርሞ ዴል ቶሮና ከተዋናዩ ኖርማን ሪደስ ጋር «ሳይለንት ሂልስ» የሚባል የአስፈሪ ጌም ጀምሮ ነበር። ማስተዋወቂያው «ፒ.ቲ.» ተብሎ በኦገስት 2014 በነፃ ተለቀቀ። ያለው አንድ ኮሪደር ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ ጫፉ ላይ ያለውን በር ሲከፍት ራሱን እዚያው ኮሪደር መጀመሪያ ላይ ያገኘዋል፣ በዞረ ቁጥርም አንድ ነገር ተለውጦ ይጠብቀዋል። በዚህች ትንሽ ነገር ስንቱ ጎልማሳ መብራት አብርቶ አደረ። ኮናሚ ፕሮጀክቱን ሰረዘ፤ ማስተዋወቂያውንም ከፕሌይስቴሽን መደብር አነሳው። ይቀጥል የሚለው የፊርማ ማሰባሰቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፈረመበት። «ፒ.ቲ.» የተጫነባቸው ፕሌይስቴሽኖች በኢንተርኔት ገበያ ላይ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ዋጋ ተለጠፈባቸው። መጽሐፍ ቢታገድ የተሸጠው ቅጂ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይኼኛው ከመደብሩ ሲነሳ ማሽኑ የተበላሸበት ሰው መልሶ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። ሥራን ባለቤቱ ሲሻ ከዓለም ሊያጠፋው እንደሚችል ብዙ ተጫዋቾች በተግባር ያዩት ያኔ ነው።

የኮናሚ ወገን ምን ነበር? ኒኬይ የተባለው የጃፓን ጋዜጣ በዚያው ዓመት ኦገስት እንደዘገበው የፋንተም ፔይን ወጪ ከ10 ቢሊዮን የን አልፎ ነበር፤ በወቅቱ ምንዛሪ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማለት ነው። በአንጻሩ ኩባንያው ከ2010 ጀምሮ በሞባይል ጌም በጥቂት ወጪ ብዙ ገንዘብ ማግኘትን ቀምሷል። አዲሱ የጌም ክፍል ኃላፊም የወደፊቱ ዋና መድረክ ሞባይል እንደሆነ በይፋ ተናግሮ ነበር። አድናቂዎች ይህን ስግብግብነት አሉት። ሳንቲም በሚበላ ማሽን ኪራይ የተጀመረ ቤት ግን ወደ ሳንቲሙ ቢመለስ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሒሳቡም ሒሳብ ነው። ኩባንያውን የሚያስወቅሰው ሌላው የዘገባው ክፍል ነው። በኮሪደሮች ላይ ሠራተኛ የሚሰልሉ ካሜራዎች እንዳሉ፣ አይጠቅሙም የተባሉ ጌም ሠሪዎች ወደ ጥበቃ፣ ኩባንያው በሚያስተዳድራቸው ጂሞች ወደ ጽዳት፣ ወይም ወደ ቁማር ማሽን መገጣጠሚያ እንደሚዛወሩ ጋዜጣው ጻፈ። ይህ ሁሉ ለስማቸው ማንም ፊርማ ባልሰበሰበላቸው ሰዎች ላይ የደረሰ ነው።

ፋንተም ፔይን በሴፕቴምበር 1 ቀን 2015 ወጣ። የሚገርመው፣ ከሳጥኑ የተፋቀው ስም ጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተልእኮ በተጀመረና በተጠናቀቀ ቁጥር እንደ ተከታታይ ድራማ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። በዲሴምበር 3 ሎስ አንጀለስ በተካሄደው ዓመታዊ የጌም ሽልማት ጌሙ ሲያሸንፍ መድረክ ላይ የወጣው ዋናውን ገጸ ባሕርይ በድምፅ የተጫወተው ኪፈር ሰዘርላንድ ነበር። የዝግጅቱ አዘጋጅ ጄፍ ኪሊ ምክንያቱን በቀጥታ ስርጭት ተናገረ፦ ኮጂማ ሊመጣ ፈልጎ ነበር፣ የኮናሚ ጠበቃ ግን እንዳይጓዝ ነግሮታል። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ኮናሚ ያን ምሽት ሰውየውን ቶኪዮ አስቀርቶ ስሙን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አስጠራው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኮጂማ መልቀቁ ይፋ ሆነ፤ ኮጂማ ፕሮዳክሽንስ የሚለውን የቀድሞ ክፍሉን ስም ይዞ ከሶኒ ጋር የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። በጁን 2016 የአዲሱን ጌም ቅንጭብ ሲያሳይ ፊልሙ ላይ የነበረው ኖርማን ሪደስ ነው። አድናቂው መልእክቱ ገባው።

ሆኖም አድናቂዎች በአንድ ነገር ተሳስተዋል። አንድን ስም ከመፋቅ ለማዳን ሲሮጡ ሌሎቹን ራሳቸው ፋቁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት «ሜታል ጊር ሶሊዶች» ከኮጂማ ጋር አብሮ የጻፈው ቶሞካዙ ፉኩሺማ ነው፤ ስሙን ከመቶ አድናቂ ስንቱ ያውቀዋል? ነገሩ በሌላም ቦታ ታይቷል። ኬጂ ኢናፉኔ በ2010 መጨረሻ ካፕኮምን ሲለቅ አድናቂዎች የሚያዝኑለት «የሜጋ ማን አባት» ብለው ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ገጸ ባሕርዩን መጀመሪያ የፈጠረው አኪራ ኪታሙራ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። አልሰሙትም። በ2013 ለአዲሱ ጌሙ ከ3.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። በ2016 ጌሙ ወጣ፤ ያዋጡት እነዚያው ሰዎች ወርደው ሰደቡት። የለቀቀ ሰው ችሎታውን ብቻውን ይዞ አይወጣም፤ ግማሹ ከጎኑ ከነበሩት ጋር ቢሮው ውስጥ ይቀራል።

የቀሩት ደግሞ ቁጣውን ተሸከሙ። በፌብሩዋሪ 2018 ኮናሚ ያለ ኮጂማ «ሜታል ጊር ሰርቫይቭ» የሚል ጌም አወጣ። ለሁለተኛ ገጸ ባሕርይ ቦታ ተጨማሪ 10 ዶላር ገደማ ይጠይቅ ነበርና ስድቡን በገዛ እጁ ጠራው። ብዙው ስድብ ያረፈው ግን በሠሩት ሰዎች ላይ ነው፤ ከሃዲዎች፣ የሌላ ቤት ወራሾች ተባሉ። ጌሙ በወጣ ሰሞን አንዳንድ ተጫዋቾች መጀመሪያው አካባቢ የሚታየውን የወታደሮች ስም ዝርዝር ልብ ብለው አዩት። የስሞቹ የመጀመሪያ ፊደላት ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ «ኬጄፒ ለዘላለም» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ይሠራሉ። ኬጄፒ የኮጂማ ፕሮዳክሽንስ ምህጻረ ቃል ነው። ጌሙን አንገዛም ብለው የማሉት አድናቂዎች ዝርዝሩን ያዩት ሌሎች በለጠፉት ፎቶ ነው።