ሶደሬ፦ የተዋሰ ውበት

የአንድ አትክልት ስፍራ ውበት በአጥሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው? ቻይናውያን ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡ 400 ዓመት ሊሞላ ነው።

በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዋንግ ሺያንቼን የተባለ ሹም ከመንግሥት ሥራ ርቆ በሱዡ ከተማ የግል አትክልት ስፍራ አበጀ። ረግረጉ ኩሬ ሆነ። በኩሬው ዙሪያ ድንጋይ፣ ድልድይና ጥላ ማረፊያ ተሠራ። በሱዡ የግል አትክልት ስፍራዎች መንገዱ ሆን ተብሎ ይጠማዘዛል፤ እንግዳው ሁሉንም በአንድ እይታ እንዳይጨርሰው። የዋንግ ልጅ ግን ቦታውን በአንድ ሌሊት ቁማር አስበላው ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1631 ጂ ቼንግ ስለ አትክልት ስፍራ አሠራር መጽሐፍ ጻፈ። ከትምህርቶቹ አንዱ «እይታ መዋስ» ነው፦ የራስህ ያልሆነውን ተራራ ወይም ግንብ የግቢህ አካል አድርገው። በዋንግ ግቢ ኩሬው ዳር የቆመ ሰው ከአጥሩ ውጭ ያለውን የሰሜን ቤተ መቅደስ ግንብ ያያል። ዛሬም በጥንታዊቷ ሱዡ የሕንጻ ከፍታ ተገድቧል። የተዋሱት እይታ የሚጠበቀው ከአጥር ውጭ ነውና።

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሶደሬም በውሰት የምትኖር ናት። ፍል ውኃዋን የሰጣት የስምጥ ሸለቆ የመሬት ውስጥ ሙቀት ነው። ጥላዋ የወንዝ ዳር ዛፎች፣ ድምቀቷ ጦጣዎች፣ እይታዋ አዋሽ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መዝናኛ ስትሆን መዋኛና ማረፊያ ተሠራላት፤ ዋናው ውበት ግን ቀድሞ እዚያው ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሱዡ ኩሬዋን ቆፍራ አገኘች፤ ሶደሬ ውኃዋን ያገኘችው ሳትቆፍር ነው። በቀላሉ የተገኘ ነገር ደግሞ በቀላሉ ይዘነጋል። አዋሽ ሶደሬ ከመድረሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1960 በተጠናቀቀው የቆቃ ግድብና በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ በኩል ያልፋል። ላይኛው ተፋሰስ ደን ካጣ፣ ደለል ከሞላው፣ ፍሳሽ ከገባበት፣ ጉዳቱ ሶደሬ ድረስ ይወርዳል። ግቢ ውስጥ የፈለገው ያህል አበባ ቢተከል ይህን አይመልሰውም።

ስለዚህ ስለ ሶደሬ እድሳት ሲወራ መጠየቅ ያለበት ስንት አዲስ ክፍል ይሠራ የሚለው ብቻ አይደለም። የትኛው ዛፍ አይነካ? የወንዙ ዳር ምን ያህል ክፍት ይቅር? የላይኛውን አዋሽ ማን ይጠብቅ? የዋንግ ልጅ ያስበላው የአባቱን ንብረት ነበር። አዋሽ ግን የማንም የግል ርስት አይደለም፤ ቢበላ የሚከስረው ብዙ ነው።