የመተንፈሻ ቱቦና የአፍንጫ ቅርጽ፦ ከሲድካፕ እስከ መናገሻ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው ጎዳና የገፈርሳን ግድብ አልፎ ወደ መናገሻ ያመራል። በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከል፣ ኖማ ፊታቸውን የጎዳውና ፌሲንግ አፍሪካ በተባለው የብሪታንያ ድርጅት አማካይነት በመዲናዋ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን ያገገሙበት ስፍራ ነው። እንዲህ ላሉ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚነሣው ጥያቄ የመተንፈሻ ቱቦው በየት ይግባ የሚል ነው። የብዙዎቹ መንጋጋ ተቆልፏል፤ የአንዳንዶቹም አፍንጫ ተጎድቷል።

ጥያቄው ረጅም ታሪክ አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በሲድካፕ ሆስፒታል ሃሮልድ ጊሊስ የቆሰሉ ወታደሮችን ፊት ሲጠግኑ፣ ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው በአንድ ጠባብ ቦታ ይሻሙ ነበር። ኢቫን ማጊልና ስታንሊ ሮውቦታም ቱቦን በአፍንጫ በኩል ወደ አየር ቧንቧ የማስገባትን ዘዴ በማዳበራቸው አፍ ለሐኪሙ ነጻ ሆነ። የላይኛውን መንጋጋ ቆርጦ የማስተካከል ሕክምና ሲስፋፋም ይኸው መንገድ ተመራጭ ሆኖ ቀጠለ፤ ጥርሶች ተገጣጥመው መታየት አለባቸውና።

ይሁን እንጂ አፍንጫው ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ጡንቻዎች ከአጥንቱ ሲላቀቁ የአፍንጫው መሠረት ይሰፋል፤ ሐኪሙም በስፌት መልሶ ይሰበስበዋል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ግን ክንፉን ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ ስፌቱ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት መመዘን ያስቸግራል። ቱቦው በክንፉ ጠርዝ ላይ ለረጅም ሰዓት ከተጫነም ቁስል ሊያስከትል ይችላል።

በ1986 እ.ኤ.አ. ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ኤርናንዴስ አልቴሚር ቱቦው ከአገጭ ሥር የሚወጣበትን ዘዴ አስተዋወቁ። አፍም አፍንጫም ነጻ ሆኑ፤ በአንጻሩ ከአገጭ ሥር ጠባሳ ይቀራል። ሌሎች ደግሞ ከስፌቱ በፊት የአፍንጫውን ቱቦ አውጥተው በአፍ ይተኩታል፤ ሆኖም ባበጠና በሚደማ ጉሮሮ ቱቦ መለወጥ ራሱ አደጋ አለው።

ስለዚህ እንከን የሌለበት መንገድ የለም። ከትንፋሽ የሚቀድም ነገር ባይኖርም፣ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ዕድሜውን ሙሉ በመስተዋት የሚያየው ፊቱን ነው። በመሆኑም የቱቦው ምርጫ፣ ሕመምተኛው ሰመመን ከመውሰዱ አስቀድሞ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው በጋራ ተመካክረው ሊወስኑት የሚገባ ጉዳይ ነው።