ቤን ራይፈል፤ በወገንና በመንግሥት መካከል

የመንግሥት ሠራተኛ የሕይወት ታሪክ ለጸሐፊ አይመችም። በጦር ሜዳ የወደቀ አለቃ ይዘፈንለታል፤ ዕድሜውን በጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ሹም ግን የሚያስታውሰው የመዝገብ ቤት አቧራ ብቻ ነው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ታሪክም ወደ እኛ የደረሰው በአብዛኛው በፈረሰኛ ተዋጊዎቹ በሲቲንግ ቡልና በክሬዚ ሆርስ ስም ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ የመጣው፣ መሣሪያው ከተነጠቀ በኋላ የተወለደው ትውልድ የገጠመው ትግል ግን በፈረስ ላይ ሳይሆን በቢሮ ውስጥ ነበር። ከዚህ ትውልድ አንዱ ቤን ራይፈል ነው።

ራይፈል በ1906 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በደቡብ ዳኮታ፣ ሮዝበድ በተባለው የሕንዶች ክልል፣ በግንድ በተሠራች ጎጆ ተወለደ። እናቱ ሌሎች «ሱ» እያሉ ከሚጠሩት ሕዝብ ወገን የላኮታ ተወላጅ፣ አባቱ ደግሞ ከጀርመን ዘር የመጣ ነጭ አሜሪካዊ ነበር። የአሜሪካ ጦር በውንድድ ኒ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ላኮታዎችን ከፈጀ ገና 16 ዓመት መሆኑ ነው። አባቱ ልጁ ከእርሻው እንዲርቅ ባይፈቅድም እርሱ ኮብልሎ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1932 ከደቡብ ዳኮታ ስቴት ኮሌጅ ተመረቀ። ከዚያ በፊት በተጠባባቂው ጦር የመኮንንነት ማዕረግ አግኝቶ ነበር።

በ1933 የሕንዶች ጉዳይ ቢሮ በፓይን ሪጅ ክልል በእርሻ ሠራተኛነት ቀጠረው። ያ ቢሮ ምን ዓይነት ቢሮ ነበር? በ1887 በወጣው ሕግ መሠረት የጋራው መሬት ለየግለሰቡ ተሸንሽኖ፣ «ትርፍ» የተባለው ለነጭ ሰፋሪዎች ሲታደል፣ ያስፈጸመው ይኸው ቢሮ ነው። ከ55 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የነበረው የሕንዶች ይዞታ በ1934 ወደ 19 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት የቢሮው ኮሚሽነር ጆን ኮሊየር ሽንሸናውን የሚያቆምና ለየጎሣው የራሱን ምክር ቤት የሚያቋቁም ሕግ አመጣ። ሕጉን ለአረጋውያኑ በላኮታ ቋንቋ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ወጣቱ ራይፈል ነበር። የመንግሥት ቃል ስንት ጊዜ እንደታጠፈ በዓይኑ ላየ ሽማግሌ የመንግሥትን አዲስ ቃል በገዛ ቋንቋው ማስረዳት ቀላል ተግባር አይደለም። የሚታመነው ተናጋሪው እንጂ ሕጉ አይደለምና።

በ1942 ለጦርነቱ ተጠርቶ እስከ 1946 አገለገለ፤ የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ ይዞ ተመለሰ። ሲመለስ የጠበቀው ሹመት በሰሜን ዳኮታ የፎርት በርትሆልድ ክልል የበላይ ኃላፊነት ነበር። የሕይወቱ ከባዱ ምዕራፍ፣ በእኔ ግምት፣ ጦርነቱ ሳይሆን ይህ ነው።

በፎርት በርትሆልድ የሚኖሩት ማንዳን፣ ሂዳትሳና አሪካራ የተባሉ ሦስት ሕዝቦች ናቸው። በ1876 ኩስተር ላኮታዎችን ሊወጋ ሲዘምት መንገድ የመሩት ሰላዮቹ አሪካራዎች ነበሩ። አሁን የላኮታ ልጅ በእነርሱ ላይ ሹም ሆኖ መጣ፤ ይዞ የመጣውም ደስ የሚያሰኝ ጉዳይ አልነበረም። መንግሥት በሚዙሪ ወንዝ ላይ የጋሪሰንን ግድብ ለመሥራት ቆርጧል። የሚሰጥመው መሬት ከ60 ሺህ ሄክታር በላይ ነው፤ ለም የሆነው የወንዙ ዳር፣ የማገዶው ዛፍ፣ የከብቱ መጠለያ፣ መቃብሩም ጭምር። ከክልሉ ነዋሪ ከአምስቱ አራቱ ያህል መነሣት ነበረበት። በግንቦት 1948 ውሉ በዋሽንግተን ሲፈረም የሦስቱ ሕዝቦች ሊቀ መንበር ጆርጅ ጂሌት ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ።

ራይፈል ግድቡን አላቀደም፤ ሊያስቀረውም ሥልጣን አልነበረውም። በእጁ የነበረው ሕዝቡ እንዴት ይነሣ፣ የት ይስፈር የሚለው ነበር። በ1949 ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1952 ዶክትሬቱን ሲያገኝ የማሟያ ጽሑፉን የጻፈው በዚሁ በፎርት በርትሆልድ መፈናቀል ላይ ነው። ወደዚያው ክልል ተመለሰ፤ ግድቡ በ1953 ተዘግቶ ውኃው መሙላት ጀመረ። የቢሮው መቀመጫ የነበረችው ኤልቦውድስ ከተማም ከሰጠሙት አንዷ ናት።

የገዥው መደብ መሣሪያ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን እንዲህ አልቸኩልም። ሌላ ሹም ቢቀመጥ ውኃው አይቀርም ነበር። ይልቅ የማልስማማው በሌላ ነገር ነው። ራይፈል ወገኖቹ ጊዜን መቁጠርን፣ ቁጠባንና የዘወትር ሥራን ልማድ ካላደረጉ ከድህነት አይወጡም ብሎ ያስተምር ነበር። መሬቱ የተወሰደበትን ገበሬ ቆጥብ ማለት ግን ነገሩን ከጅራቱ መያዝ ነው። እርሱ ራሱ ይህን የሚያሳይ መዝገብ በእጁ ነበረው።

ኋላ የፓይን ሪጅ የበላይ ኃላፊ፣ ከ1955 ጀምሮም በአበርዲን የአካባቢው ዳይሬክተር ሆነ። በ1960 ሥራውን ለቆ በሪፐብሊካን ፓርቲ በኩል ተወዳደረ፤ ከ1961 እስከ 1971 በተወካዮች ምክር ቤት በመቀመጥ ከላኮታ ወገን የመጀመሪያው ሆነ። በፕሬዚዳንት ፎርድ የመጨረሻ ሳምንታት ደግሞ በእርሻ ሠራተኛነት የገባበትን ቢሮ በኮሚሽነርነት ለጥቂት ጊዜ መራ። በጥር 1990 አረፈ።

ለፎርት በርትሆልድ ሕዝቦች በ1949 የተወሰነው ካሣ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ኮንግረሱ ካሣው በቂ እንዳልነበረ ተቀብሎ 149.2 ሚሊዮን ዶላር የጨመረው በ1992 ነው፤ ራይፈል ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ።